«ለዶሮዎቹ ነው እንላታለን»

«እሷን ካልጋረድናት አይሆንም።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳትታጠብ ነው። እሷ ከዋናው ቤት ማድቤት ጀርባ ካለው ቧንቧ የዶሮዎቿን ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ወንድሟና ሚስቱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ መስኮቱን ከፍተው ቁርስ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፁ የወንድሟ ነው። «ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ሰገግ ቢያደርጉ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው» አለ። «እስከ ዛሬ ዝም ብለን ይዘናት ኖረናል። ከእንግዲህ ግን ከመንገድ መታየት የለባትም።» ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እና ምንድነው ብላ ብትጠይቅህስ?» አለችው። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና «ለዶሮዎቹ ነው እንላታለን» አለ። ባልዲው ሞልቶ ጫማዋ ላይ ሲፈስ እንኳ ሰፊዋ አልታወቃትም።

እንግዲህ ፍረዱ። በዚያ ግቢ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሦስት ናቸው። የወንድሟ ሚስት ራሷን ጋርዱኝ አትልም። የወንድሟ ልጅ ደግሞ የእጮኛዋ ቤተሰቦች እሑድ የሚመጡት እሷኑ ሊያዩ ነው፤ ለእሷ ሲባል ሳሎኑ ቀለም ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተቀይሯል፣ ወንበር ከጎረቤት ተለምኗል። ታዲያ ማን ቀረች? የምትጋረደው፣ ሰዎቹ እንዳያዩዋት የተፈለገችው፣ ዝም ተብላ የተያዘችው ማን ናት? ሰፊዋ ባልዲዋን አንስታ እየተንጠባጠበች ወደ ክፍሏ ገባችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ የሞተባት ጊዜ አባቷ ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ሠራላት፤ እዚያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የስፌት መኪና፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የሰው ሱሪዎች፣ ሌላ የላትም። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ ከመስኮቷ ትይዩ የግቢው በር ነው። ሰፊዋ የምትበላው በዚያች መስኮት ነው ማለት ይቻላል። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለማስኬድ አምፖል አይበቃም፣ የቀን ብርሃን ይፈልጋል፤ ዓይን ከሃምሳ ካለፈ ደግሞ አይነሳ። ሰፈሩ በሙያዋ «ሰፊዋ» ይላታል፣ በሌለችበት ደግሞ «ሬዲዮ»። ጠዋት የሰማችውን ነገር እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ይህን ስም ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም፤ «እኔ ባልኖር ማን ዜና ይሰማ ነበር?» ትላለች።

ወንድሟ በስምንት ዓመት ይበልጣታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ጡረታ ወጣ እንጂ መለካቱን አልተወም፤ ሰው ሲያናግር እንኳ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ነው፣ ታግለው ካልነቀሉት አይወጣም። ዶሮ ደግሞ አይወድም። አይወድም ብቻ ማለት ያንስበታል፤ ላባ በአጠገቡ ካለፈ ሰባት ጊዜ ያስነጥሰዋል። የእህቱ አሥራ አንድ ዶሮዎች በክፍሏ ጥግ በተደረደሩ ካርቶኖች ውስጥ እያደሩ፣ ቀን ቀን ግቢውን ሲጭሩ ሲውሉ፣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ «እነዚህን ነገሮች!» እያለ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት ተለውጦ ዶሮ ቤት ልሥራ ብሎ ሲነሳ ማን ሞኝ ያምነዋል?

ከቁርስ በኋላ ቀያሹ ችካልና ሲባጎ ይዞ ወጣ። ሰፊዋ ዶሮ የምትመግብ መስላ በረንዳዋ ላይ ቆመች። ያን ሁሉ ባዶ ግቢ ትቶ፣ የአጥሩን ጥግ ትቶ፣ የውሃ ጋኑን ዙሪያ ትቶ፣ የመጀመሪያውን ችካል የመታው ከመስኮቷ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

«ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?»

«ለዶሮዎቹ ነው» አለ። ቃል በቃል! አንዲት ፊደል አልሳተም።

«ለየትኞቹ ዶሮዎች?»

«ለአንቺዎቹ ነዋ። ሌላ ዶሮ ማን አለው እዚህ?»

«አንተ ደግሞ ዶሮ መውደድ መቼ ጀመርክ?»

ለመመለስ አፉን ሲከፍት አስነጠሰው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዓይኑን ጠራርጎ ሲባጎውን መሳብ ቀጠለ።

«እዚያ አጥሩ ሥር አይሻልም ነበር? ይኼ እኮ መስኮቴ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«አጥሩ ሥር ይረጥባል። ዶሮ እርጥበት አይስማማውም።»

«እኔንስ ጨለማ ይስማማኛል?»

ቀያሹ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያት። የሚናገረው ያለው መሰለ፤ ግን «ብርሃን አይቀርብሽም» ብሎ መዶሻውን አነሳ።

ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ ይረግጣል እንጂ ልቧ እዚያ የለም። የአንድ አስተማሪ ኮት ይዛ ኪሱን ጠቅልላ ሰፋችውና እንደገና መተርተር ነበረባት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሳችም። የድሮ አልጋ ርብራብ አወጣ። የአባታቸውን የተሰበረ ቁም ሳጥን በር አወጣ። የተጣመመ ምስማር ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አንድ በአንድ አቃና። ለእንቁላል መጣያ የሚሆኑ አራት የለስላሳ ሳጥኖች ከጎን ደረደረ፤ አይጥ እንዳይወጣ እግሮቹን ከመሬት ከፍ አደረገ፤ ቅማል እንዳይገባበት እንጨቱን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ደግሞም ብቻውን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሁለት አናጢዎች ሥራ አጥተው ቁጭ ብለው እያሉ፣ አንዱን እንኳ ልቅጠር አላለም። አንዱ አናጢ በበሩ ሲያልፍ «አባባ ላግዝዎት?» ቢለው፣ ቀያሹ ፈጥኖ ሄዶ በሩን ዘጋበት። ሰፊዋ ይህን ስታይ ነገሩ ይበልጥ ሸተታት። ምን የሚደበቅ ነገር አለው፣ ዶሮ ቤት?

ልብስ ሊያጥብ ይመስል እጅጌውን ሰብስቦ መጋዝ ሊያመጣ ወደ ዋናው ቤት ሲገባ፣ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር ይዛ ብቅ አለች። ከችካል ችካል ለካች፤ ከዚያ የክፍሏን ፊት ለካች። የሚሠራው ነገር ከክፍሏ ፊት በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር ይበልጣል። ቋሚዎቹን በዓይኗ ገመተች፤ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ናቸው፣ የክፍሏ ክዳን ድረስ። «ያሉኝ አሥራ አንድ ዶሮዎች ናቸው ወይስ አሥራ አንድ ግመሎች?» አለች ለራሷ። በጎን በኩል እሷ የምትገባበት መተላለፊያ ተትቷል፤ ያውም አንድ ሰው በጎኑ ሆኖ ሆዱን ሰብስቦ ካልሆነ አያሳልፍም። ሜትሯን ስትጠቀልል የወንድሟ ሚስት ከኋላዋ መጣችና «ዛሬ ምሳ ከእኛ ጋር ብዪ እንጂ፣ ሁልጊዜ ብቻሽን» አለቻት። ወይ ጉድ! በዓመት አንድ ጊዜ የማይወጣት ቃል። አስከትላም «እሑድ የምትለብሺውን አዘጋጅተሻል?» አለቻት። ሰፊዋ «አዘጋጅቻለሁ» አለች፤ በልቧ ግን «አባብላችሁ ልትቀብሩኝ ነው» አለች። ምሳውን አልበላችም።

የተጠገነ ሱሪ ልታደርስ ጣውላ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሱሪው ሰበብ ነው፤ እስከ ቅዳሜ መቆየት ይችል ነበር። ጣውላ ሻጩ ሱሪውን ወገቡ ላይ እየለካ፣ ሳትጠይቀው ጨዋታውን ጀመረላት። «ወንድምሽ ግን ጤናውን ነው?» አላት። «ትናንት አዲስ ቆርቆሮ ባሳየው እምቢ አለኝ። ዝገት የበላው የለህም ወይ ይለኛል! ዕድሜ ልኬን ዝገት የሚያማርጥ ደንበኛ አላየሁም። ጣውላውንም ዝናብ የመታው፣ ፀሐይ የሰነጠቀው ካልሆነ አለ። የወንፊት ሽቦ ዘንድሮ አንድ ሜትሩ ከኪሎ ሥጋ በልጧል፤ ያን የሚያህል ዕቃ ገዝቶ፣ አዲስ መሰለ ብሎ እዚሁ ደጄ ላይ ጭቃ ለቀለቀው። ምን ሆነሃል ጋሼ ስለው ‹አሥር ዓመት እዚያ የቆመ መምሰል አለበት› አለኝ።» ጣውላ ሻጩ ሳቀ። ሰፊዋ አልሳቀችም። አሥር ዓመት የቆመ መምሰል ያለበት ለምንድነው? እንግዶቹ ሲመጡ ከጀርባው ሰው አለ ብለው እንዳያስቡ ነዋ! የሙሽሪት አክስት የሰው ሱሪ እያሳጠረች በጓሮ ክፍል ትኖራለች ከሚባል፣ እዚያ ጥግ ከጥንትም ዶሮ ቤት ነው ይባል ማለታቸው ነው። የእናቷ ልጅ፣ አንድ ሳህን ላይ አብሯት በልቶ ያደገ፣ በዶሮ ሊሸፍናት!

ከዚያ ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ በቆመ። ግን ሬዲዮ ባትሪዋ አላለቀም፤ ባለሱቋ ዘንድ ጎራ አለች። የሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች። ባለሱቋ «እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም» አለች፤ ነገር ማመላለስ ስትጀምር ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው። «ግን ከተነሳ አይቀር፣ ወንድምሽ ትናንት እዚሁ መጥቶ፣ ሰው መጥቶ እኛ ግቢ ስንት ቤት አለ ብሎ ቢጠይቅሽ አንድ ነው በይ አለኝ። አንድ! የእህትህስ ብለው መንገዱን ቀጠለ።»

«አንድ ነው በይ አለሽ?»

«በዚህ ጆሮዬ።»

ሰፊዋ ባንኮኒውን ጨበጠች። እንግዶች ስለ ሙሽሪት ባሕርይ ይጠይቁ ይሆናል እንጂ ስንት ቤት አለ ብለው አይጠይቁም። ይህ የእፍረት ነገር ብቻ አይደለማ! ይህ የውርስ ነገር ነው። ግቢው የአባታቸው ነው፣ አልተከፋፈለም፤ የግቢው ፕላን ደግሞ ወንድሟ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። ባለፈው «እስቲ አንድ ቀን አሳየኝ» ብትለው «ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ነው ያለፋት። ዛሬ ሁሉም ነገር ገጠመላት፤ መጀመሪያ ክፍሏን በዶሮ ቤት መጋረድ፣ ቀጥሎ ክፍል የለችም ማለት፣ መጨረሻ ላይ እህት የለችኝም ማለት። ባለሱቋ ስኳር እየመዘነች «ሰሞኑን የግንባታ ተቆጣጣሪዎች ከግቢ ግቢ እየዞሩ ነው» አለች። «ያለ ፈቃድ የተሠራ ካገኙ አይምሩም። ብታመለክቺ ያን ዶሮ ቤቱን ዛሬውኑ ያስነሱልሻል።»

«የገዛ ወንድሜን?»

«እሱስ የገዛ እህቱን አይደል?»

ወደ ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። አንዴ ልመለስ ብላ ዞር አለች፤ ብርሃኗ ትዝ ሲላት እንደገና ቀጠለች። ስለ ተቆጣጣሪዎቹ እሷም ሰምታለች፣ እንዲያውም ወሬውን ለግማሹ ሰፈር ያዳረሰችው እሷ ናት፤ ከራሷ ክፍል ጋር ግን አላገናኘችውም። እሷ ምን ሠራች? ክፍሏን አባቷ ነው የሠራላት፤ አባት የሠራውን ማን ምን ይላል?

የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ አግዳሚ ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሰው ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። ተራዋ ሲደርስ ብስኩት የሚበላ ጸሐፊ ቅጽ ሰጣት። አቤቱታዋን በገዛ እጇ፣ በደማቁ ጻፈች። «ወንድሜ ያለ ፈቃድ በመስኮቴ ላይ ዶሮ ቤት የሚል ግንባታ ጀምሮ ብርሃኔን ሊነሳኝ ስለሆነ ይታይልኝ።» ጸሐፊው አነበበና ቀና ሳይል ጠየቃት።

«በግቢው ውስጥ ስንት ቤት አለ?»

ጥያቄው ራሱ መጣ! ሰፊዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ሁለት! ሁለት ብለህ ጻፍ የኔ ልጅ። አንዱ ዋናው ቤት ነው፣ ወንድሜ ያለበት። ሁለተኛዋ በጥጉ በኩል ያለችው ክፍል ናት። አባቴ ነው የሠራልኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አለች! ማንም ተነስቶ የለችም ሊላት አይችልም።»

ጸሐፊው ብስኩቱን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አያት። «ከመንገድ ትታያለች?»

«እስከ ዛሬ ትታያለች። ከዛሬ በኋላ ነው እንጃ።»

ሁሉንም ጻፈ፤ የመጨረሻዋን መስመር ከሥሯ አሰመረባት። «ቡድኑ ዛሬ እናንተ ሰፈር ነው ያለው፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ይደርሳሉ» አላት። ሰፊዋ ከዚያ ስትወጣ ደረቷን ነፍታ ነበር። ክፍሏ በመንግሥት ወረቀት ላይ በእሷ ስም ስትሰፍር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ እንዴት ደስ አይላት?

ግቢ ስትደርስ ዶሮ ቤቱ ቆሟል። እውነትም አሥር ዓመት የቆመ ይመስላል፤ ዝገቱ፣ ስንጥቁ፣ ጭቃው። በበሩ ገብታ ቀጥ ብላ ስታይ ክፍሏ የለችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በጎን በኩል ሆዷን ሰብስባ አለፈችና፣ ጨለማውን በገዛ ዓይኔ ልየው ብላ በሯን ከፈተች።

ክፍሏ አልጨለመችም። እንዲያውም ብርሃኑ ከወትሮው የለሰለሰ ነው፤ ዓይን አይወጋም፣ ጥላ አይጥልም። በመስኮቱ ስታይ፣ የዶሮ ቤቱ ጀርባ ከላይ እስከ ታች በነጭ ኖራ ተቀብቷል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ። ክዳኑም ወደ እሷ በኩል ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ፀሐይዋ በክፍሏ ጣራ ላይ አልፋ ኖራው ላይ አርፋ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ትወድቃለች። ከመንገድ ማንም የማያየውን ጀርባ ማን ኖራ ይቀባል? ቁጭ ብላ መርፌ አነሳችና ጥቁሩን ክር አስገባች። በአንድ ሙከራ ገባ። ልቧ አንድ ነገር ድንገት ወለል ያለላት ያህል ደነገጠ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችውም።

ወጥታ ስታየው ወንድሟ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ እንባው እየወረደ፣ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ቆጥ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። «እግራቸውን እንዳይወጋቸው ነው» አለ ከመሐረቡ ሥር። አስነጠሰ። «ጀርባውን ኖራ ቀባሁት። አየሽው?»

«አየሁት» አለች። «ጋሼ፣ እባክህ ንገረኝ። ለምንድነው ይኼ ሁሉ?»

ቀያሹ ወደ መንገዱ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ። «እስከ ሰኞ ታገሺኝ። ሰዎቹ ሰፈሩን ጨርሰው ይሂዱ እንጂ ሰኞ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

«የትኞቹ ሰዎች? የእሑዶቹ?»

«የእሑዶቹ ምን አገባቸው?» አለ ግራ ገብቶት፤ በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ።

ሁለት ናቸው። አንደኛው ተቆጣጣሪ ነው፣ ብብቱ ሥር ፕላን የጠቀለለ፤ ሁለተኛው የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዟል። የወንድሟ ሚስት እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጣች። ቀያሹ መሐረቡን ፈትቶ ሄደና እጃቸውን ጨበጠ፤ ያ ቃል የሚያንቀው ሰው ያለ ልማዱ መለፍለፍ ጀመረ። «ያው አንድ ቤት ነው ያለን። ይቺ ደግሞ የድሮ ዶሮ ቤት ናት፣ ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ ያለች። ከጀርባዋ አጥር ነው።» ተቆጣጣሪው በትሕትና ሰማው። «አባቴ፣ ዶሮ ቤቱ አይመለከተንም። እንጨት ነው፣ ዛሬም ይሥሩት፣ ድሮም ሠርተውት ይሁን፣ መብትዎ ነው። እኛ የመጣነው ከጀርባው ያለችውን ልናይ ነው።»

ቀያሹ መሐረቡን እጁ ውስጥ ጨበጠው።

ተቆጣጣሪው በጎን በኩል ሆዱን ሰብስቦ አለፈ። የተጠቀለለውን ፕላን በሰፊዋ በረንዳ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ተከተለ፤ ዋናው ቤት፣ አጥሩ፣ ቧንቧው፣ ጋኑ። ጣቱ ጥጉ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ባዶ ነው። «በፕላኑ ላይ የለችም» አለ። «ፈቃድም የላትም። ያለ ፈቃድ ናት የተሠራችው፣ መፍረስ አለባት።»

የለችም። የላትም። አለባት። ሰፊዋ ቃላቱን አንድ በአንድ ሰማቻቸው፤ ጠዋት ከቧንቧው ሥር የሰማችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። እሷ! ከመንገድ መታየት የሌለባት እሷ፣ ዝም ተብላ የተያዘችው እሷ፣ የምትጋረደው እሷ፣ ይቺው ክፍሏ ናት! እሷም ራሷ ጸሐፊው ፊት ጠረጴዛ እየመታች «አለች፣ ማንም የለችም ሊላት አይችልም» ስትል የነበረው ስለ ማን ነበር? የበረንዳውን ቋሚ ያዘች።

ቀያሹ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ፣ ለተቆጣጣሪው ይሁን ለእህቱ ሳይለይ። አባታቸው ክፍሏን ሲሠራ ፈቃድ የሚባል ነገር አላወጣም፤ ልጄ ከነሐዘኗ ሜዳ ላይ አትደር ብሎ በአንድ ወር ነው ያቆማት። ፕላኑ በኋላ ሲታደስ ሊያስገባት ሞከረ፣ ከገባች ትፈርሳለች ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንዳትፈርስ ዝም ብሎ ኖረ። ለእህቱም አልነገራትም፣ እንቅልፍ ልንሳት እንዴ ብሎ። ሚስቱ ግን ይህን በልቧ ለመያዝ አልቻለችም። «እንቅልፍ ብቻም አይደል!» አለች። «ለአንቺ ነገርን ማለት ለሰፈሩ ነገርን ማለት ነው ብሎ ነው። አሁን ማን እንደጠቆመብን እንጃ፣ እጁ ይሰበር!»

«ወደ መንገድ የዞረውን ሥራዎን እኛም አይተነዋል» አለ ተቆጣጣሪው፤ አነጋገሩ ማድነቅ አለበት። «ቅድም በዚህ በር ላይ አልፈናል፣ አባቴ። ቆመን አየን፤ ዶሮ ቤት ነው ብለን ሄድን። ጥቆማ ባይደርሰን ኖሮ አንመለስም ነበር።» ከፋይሉ ወረቀት አወጣ። «ለማፍረሻ አሥራ አምስት ቀን ተሰጥቷል። አመልካቿ ቦታው መታየቱን እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ማንኛቸው ናቸው?»

ባለብሩሹ ሰውዬ ቆርቆሮውን ከፍቶ በክፍሏ በር ላይ ቀይ ምልክት ማድረግ ጀመረ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደች። ቀያሹ ወረቀቱን ከተቆጣጣሪው እጅ ተቀበለ። ስም ለማየት ወደ ታች መውረድ አላስፈለገውም። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየ እጅ ጽሑፉን አወቀው፤ እሷን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ከሥሯ የተሰመረባትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት።

«ምነው ብትጠይቂን?» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ምነው ብትነግሩኝ?» አለች ሰፊዋ።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አይቶ ብዕሩን ዘረጋላት። ተቀበለች። ጠረጴዛ የለም፤ የበረንዳው ግድግዳ ሸካራ ነው፣ ወረቀቱ ተበሳ፤ ፊርማዋ አልሄድ አላት። ቀያሹ ትንሽ አያት። ተቆጥቶ ቢሰድባት፣ ከግቢዬ ውጪ ቢላት ምንኛ በቀለላት!

«ሰዎቹን አታቁሚያቸው» አለ። «እዚህ ላይ አድርጊና ፈርሚ።» ዞረና ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣት፤ እሷም ወረቀቱን ወንድሟ ጀርባ ላይ ዘርግታ ፈረመች።